በርካሽ የገዛሁት ሽሮ

የማስተምረው ቢቸና ነው። በሻይ ሰዓት ሴት አስተማሪዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ወሬያችን ከአስቤዛ አይርቅም። የቱ ላይ መቆጠብ ይቻላል፣ የቱ ላይ ጨመር አድርጎ መግዛት ይሻላል የሚለው ያልተዘጋ ክርክራችን ነበር። አንዷ ቅቤ ከማታውቀው ሰው አትገዛም፤ አንድ ጊዜ ያነጠረችው ቅቤ ድስቱ ሥር የተፈጨ ድንች የመሰለ ነገር ትቶባታል። ሌላዋ በርበሬ ዛላውን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ራሷ ካላስፈጨች ወጥ ውስጥ አትጨምርም። እኔም ዘይት በጀሪካን እየተቀዳ የሚቸረቸረውን ትቼ የታሸገውን እገዛለሁ፤ ጨውም አዮዲን ያለበት እሽግ ካልሆነ ቤቴ አይገባም። ሽሮ ላይ ግን ተከራክሬ አላውቅም። ሽሮ ሽሮ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እንዲህ ማሰቤ አሁን ሳየው ይገርመኛል። የተወለድኩት ሞጣ ነው፤ ያደግኩትም ጓያ የሰበራቸው ሰው በነበሩበት ቤት ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ገበያው ዳር በተከራዩት ጠባብ ሱቅ ጃንጥላና ሬዲዮ ይጠግናሉ። ተረከዛቸው መሬት ሲነካ አይቼ አላውቅም። ጉልበቶቻቸው ይተሻሻሉ፣ እግሮቻቸው እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው በጣታቸው ነው የሚራመዱት። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ጎረምሳ ሳሉ ዝናብ ቀረና ጎተራው ውስጥ ከጓያ ሌላ እህል ጠፋ። ቂጣውም፣ ንፍሮውም፣ ወጡም ጓያ ሆነ። አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ቀጥ ብለው ቆመው አያውቁም።

እናቴ የጓያን ስም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትጠራው። ማሳው ውስጥ እንዳንገባ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳያገኘን፣ ጎረቤት እሸቱን ቢሰጠን እንዳንቀምስ ታስጠነቅቀን ነበር። ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ አጉል እምነት መሆኑን ኮሌጅ ስገባ ተረዳሁ። ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም። የእህል ተራ ሳልፍ ጓያ ተዘርግቶ ካየሁ ዛሬም ቀሚሴን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ሆኖም ስፈራው የኖርኩት እህሉን ነው፤ ጠርዝ ያለው፣ ትንሽ መጥረቢያ የመሰለ ፍሬውን። ተፈጭቶ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮሰረት ተመጥኖ፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሲቀመጥ መልክ እንደሌለው ልብ አላልኩም።

ባለቤቴ ደጀን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በየሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። ያን ክረምት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ስልኩም ሲሠራ ሲቋረጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኔና ልጄ ብቻችንን ነበርን። ሁሉ ነገር ተወዶ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባልትና የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሽሮዋ ከሌሎቹ ቀነስ ይል ነበር። ለምን እንደሚቀንስ አልጠየቅኳትም። እህሉን ከገበሬ በቀጥታ ብትገዛ ነው ብዬ አሰብኩ። ወጡ ደግሞ ግሩም ነበር፤ ቶሎ ይወፍራል፣ ይጣፍጣል፣ ብዙ ዘይት አይፈልግም። ልጄ ያን ዓመት አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር፤ ከዚያ ሽሮ ሌላ ወጥ አልበላም አለች። እኔም ደስ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ምሳችንም እራታችንም እሱ ሆነ።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ልጄን ጉንፋን ያዛት። ጥቂት ቀን አተኮሳት፣ አሳላት፣ ከዚያ ተሻላት። አንድ ጠዋት ደብተሯን እያዘጋጀሁ ሳለ ከአልጋዋ ስትወርድ ሰማኋት። አንድ ሁለት ጊዜ ረገጠችና ቆመች።

«እማ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

ዘወር ስል ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ሁለቱም ተረከዞቿ ከመሬት ተነሥተዋል።

«ደህና አድርገሽ ርገጪ» አልኳት።

«አልችልም።»

«ወደዚህ ነይ እስቲ።»

መጣች። በጣቶቿ፣ እግሮቿን እየጎተተች፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ። ያን አረማመድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እጄ ላይ የነበረው ደብተር ወደቀ። ወዲያው ዓይኔ የሄደው መደርደሪያው ላይ ወዳለው የሽሮ ቆርቆሮ ነበር፤ ለምን ወደዚያ እንደሄደ ለራሴ መናገር እንኳ ፈራሁ።

አዝያት ወደ ሆስፒታል ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁሉ «ምነው ቲቸር፣ ምን ሆነችብሽ?» ይሉኛል፤ «ጉንፋን ነው» እላለሁ። ጓያ የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊቱ ላይ የእንቅልፍ እጦት ይታያል። ልጄን አልጋው ላይ አስተኝቶ ባቷን በጣቱ ጫን አደረገው። ጮኸች። ሌላውንም ጫን አደረገ፤ እንደገና ጮኸች። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ የውስጥ እግሯን በብዕር ጫፍ ጫረ፣ የደምና የሽንት ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ የማየው የሰው እግር ብቻ ነበር። ተረከዝ፣ ተረከዝ፣ ተረከዝ። ሁሉም ይረግጣል።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ጠራኝ።

«ከጉንፋኑ በኋላ የመጣ የባት ጡንቻ መቆጣት ነው የሚመስለው» አለኝ። «ልጆች ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይተዋል። ፈሳሽ ስጫት፣ ዕረፍት ታድርግ። ሽንቷ ከጠቆረ ግን ሳትውይ ሳታድሪ አምጫት።»

«ዶክተር፣ ጓያ ቢሆንስ?»

ከወረቀቱ ቀና አለ። «ጓያ ትበላላችሁ?»

«እኔ እንጃ። ሽሮ ገዝተን እንበላለን። ምን እንዳለበት አላውቅም።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

የውጤቱን ወረቀት እንደገና አነበበ። «ጓያ እንዲህ ባት ሲጫን አያስጮህም። አይመስለኝም» አለ።

«ቢሆን ግን መድኃኒት አለው?»

«እሱ እንኳ የለውም። ግን አይመስለኝም እያልኩሽ ነው።»

ሌላውን ሁሉ ረስቼ «የለውም» የሚለውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። መዳኗን የነገረኝ ሰው ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ፍርዷን ነው።

ቤት ገብቼ ልጄን አስተኛኋትና መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ የራሴን እግር ፈተንኩ። በተረከዜ ቆምኩ። ቁጢጥ ብዬ ተነሣሁ። ቋንጃዬ የከረረ መሰለኝ። እንደገና ቁጢጥ ብዬ ተነሣሁ፤ የበለጠ የከረረ መሰለኝ። ከፍርሃት የሚመጣ መንቀጥቀጥና ከሕመም የሚመጣውን መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይጠራም። ከመኝታ ቤት ልጄ ተጣራች፤ ርቧታል።

«ምን ልሥራልሽ?»

«ሽሮ» አለችኝ።

እንቁላል ጠበስኩላት። ከዚያ የሽሮውን ቆርቆሮ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልጄን ለአከራዬ አደራ ብዬ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።

ሴትዮዋ ሱቋ ደጃፍ ላይ እርድ ታበጥር ነበር። ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል። ስታየኝ ሳቅ አለች። «ቲቸር፣ ቶሎ አለቀብሽ?» አለችኝ።

ቆርቆሮውን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። «ይኼ ሽሮ ከምንድን ነው የተፈጨው?»

«ከምን ይፈጫል? ከሽምብራ ነዋ።»

«ከሽምብራ ብቻ?»

ግራ ቀኝ አየች። ሌላ ገዢ አልነበረም። «ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ልጄ ዛሬ ጠዋት በጣቷ ነው የረገጠችው። ተረከዟ አልወርድ አለ።»

የምትጮህብኝ፣ ወይም የምትክደኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠችና የእህል ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«በማርያም» አለች። «በማርያም፣ እኛም ይኼንኑ ነው የምንበላው። የኔም ልጆች።»

«ጓያ አለበት?»

«ሽምብራ ሲወደድ ሁሉም ይቀላቅላል። ጓያውን አጥቤ፣ ዘፍዝፌ፣ ቆልቼ ነው የማስፈጨው። ከዘፈዘፉት ይወጣለታል ይላሉ።»

«ምን ያህሉ ጓያ ነው?»

«በፊት ትንሽ ነበር» አለችና ቆመች። «ክረምቱ ላይ ግን በዛ።»

ልቆጣት ነበር የወረድኩት። ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ከሱቁ ጀርባ ልጆቿ ሲሯሯጡ ይሰማል፤ ሁለታችንም ያን ኮቴ አዳመጥን። ከዚያ አንደኛውን ልጇን ጠርታ «እስቲ ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት ቆመ። እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። እኔ ቆርቆሮውን እዚያው ትቼላት ወጣሁ።

በማግስቱ ስልክ ሲለቀቅ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ምክር ፈልጌ አልነበረም፤ የምደውልለት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«በጣቷ ነው ያልሽኝ?»

«በጣቷ ነው።»

«እመጣለሁ።»

«አይምጡ አጎቴ፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም፤ በዚያ ላይ እግርዎ…» ስል ስልኩ ተዘግቷል።

ከዚያ ፍርሃቴ እጥፍ ሆነ። ከሞጣ የሚመጣው ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ላይ ቆሟል የሚል ወሬ መናኸሪያው ላይ ሰማሁ። ማን እንዳስቆመው፣ ለምን እንዳስቆመው የሚያውቅ የለም። በልጄ ላይ እሳቸውን ጨመርኩ እያልኩ ደጅና ቤት ስመላለስ ዋልኩ። የልጄን ሽንት በማንቆርቆሪያ ክዳን እየተቀበልኩ፣ ወደ ብርሃን ይዤ መልኩን አይ ነበር። አልጠቆረም። ልጄ ግን ያንኑ ያህል በጣቷ ትረግጣለች፤ መሬት ላይ አስቀምጫት ስትሄድ ላያት አልችልም፣ ሳላያትም መቆየት አልችልም።

ወደ ማምሻው ላይ አጎቴ ግቢውን ገቡ። ካፖርታቸው ጭቃ ለብሷል፤ የሆነ ቦታ ወድቀዋል። ስለ መንገዱ ምንም አልነገሩኝም። ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ልጄን አዩዋት።

«እስቲ ተነሥተሽ ወደኔ ነይ፣ የኔ ልጅ።»

ተነሥታ በጣቶቿ ሄደች። እሳቸውም ሊቀበሏት በጣቶቻቸው ተነሡ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሁለቱ እንዲያ ሆነው ሲገናኙ ማየት አልቻልኩም፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«የት ላይ ነው የሚያምሽ?» ሲሉ ሰማሁ።

«እዚህ ጋ፣ አባባ። ስረግጥ በጣም ያመኛል።»

«ሲያምሽ ነው ተረከዝሽን የምታነሺው?»

«አዎ።»

ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ሳይ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚህ የባሰ ምልክት ያለ አልመሰለኝም።

«ምን አዩ?» አልኳቸው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሙ ያለሽን ስሚ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እኔን ግን አላመመኝም ነበር። ልረግጥ ስል እግሬ ራሱ ነው እየተነሣ ያስቸገረኝ። ምንም ሳያመኝ ነው የቀረሁት። ቢያመኝ ኖሮ ቶሎ እናገር ነበር» አሉ።

ስለ እግራቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ናት ትነግረን የነበረው። ያን ጊዜ ግን ልጄ ጭናቸው ላይ ተኝታ ብዙ አወሩኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነገ ይሻለኛል እያሉ ማደራቸውን፣ ለአባታቸው እንዳይነግሩ ከበሬው ኋላ እያነከሱ ማረሳቸውን፣ ጠበል ወስደዋቸው እዚያ እንደሳቸው በጣታቸው የሚረግጡ ሌሎች ጎረምሶች ሲያዩ ያን ጊዜ ተስፋ መቁረጣቸውን ነገሩኝ።

«እናታችን ምክንያቱን ታውቅ ነበር» አሉ። «ግን ሌላ የምታበላን ነገር አልነበራትም። እያወቀች፣ እየፈራች፣ ያንኑ ታቀርብልን ነበር። ስታቀርብልን ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዲህ አብረን ጠበቅን። እሳቸው የአከራዬን የተሰበረ ጃንጥላ እየጠገኑ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ። ልጄ ስትነሣ ሁለታችንም እግሯን እናያለን። አንድ ጠዋት ዝናቡ ካባራ በኋላ የአከራዬ ልጆች ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ ሰማችና ሳትነግረኝ ወጣች። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። አጎቴ «ነይ! ቶሎ ነይ!» ብለው ሲጣሩ ወደቀች ብዬ ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

አጎቴ ደጃፉ ላይ ቆመው ምርኩዛቸውን ወደ መሬቱ ቀስረዋል። ጭቃው ላይ የልጄ ባዶ እግር ተስሏል። አምስቱ ጣቶች አሉ። ከኋላ ደግሞ፣ ጥልቅ ባይሆንም፣ ክብ ሆኖ የተረከዟ ምልክት አለ። ቀጥሎ ያለውም ላይ አለ። ቀጥሎ ያለውም።

«ረግጣለች» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። «አየሽ? ረግጣለች።»

ተንበርክኬ ጣቴን ተረከዟ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ። ውሃ አቁሯል። ልጄ ከወዲያ ሆና ምን ጠፋብሽ አለችኝ።

ሐኪሙ እንዳለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉ በሙሉ ተሻላት፤ ጓያው እግሯን አላገኘውም ነበር። ባለቤቴ መንገድ ተከፍቶ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ስትዘል ነው ያገኛት፤ የነገርኩትን ያመነው አጎቴ ሲደግሙለት ነው። አጎቴ በሚቀጥለው ሚኒባስ ወደ ሞጣ ተመለሱ፤ መድረሳቸውን እስኪነግሩኝ ምግብ አልበላሁም። እኔ ግን የዳንኩ አይመስለኝም። ያ ሽሮ ክረምቱን ሙሉ ሆዳችን ገብቷል፤ ጉንፋኑ ባይመጣ ኖሮ እስከ መቼ እንበላው እንደነበር አላውቅም።

አሁን ሽምብራውን ፍሬውን እገዛለሁ፤ ጨመር አድርጌ፣ ከማውቃቸው ነጋዴ። ሰፌድ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እለቅማለሁ፤ ጠርዝ ያለው ፍሬ ካገኘሁ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፤ እጅ መታጠብ ምንም እንደማይጨምር እያወቅኩ። ወፍጮ ቤት ስሄድ ደግሞ «ከኔ በፊት ምን ተፈጨ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለ ወፍጮው መጀመሪያ ይሥቅብኝ ነበር፤ ኋላ ተሰላችቶ «ጤፍ ነው፣ እመቤቴ፣ ጤፍ ነው!» ይለኛል። ያም ሆኖ ቀድሞ የሚወርደውን ዱቄት ለብቻው ተቀብዬ እደፋዋለሁ። ሻይ ሰዓት ላይ ይህን ስነግራቸው ቅቤዋ ድንች የሆነባት ባልደረባዬ አልሣቀችም። ማታውኑ የራሷን ሽሮ ለውጣለች።

ባልትና ሻጯ ሱቋን አልዘጋችም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጆንያ አቁማ ትሸጣለች፤ አንዱ ሽምብራ ብቻ፣ ሌላው ቅልቅል። ለሚገዛት ሁሉ «ይኼኛው ጓያ አለው፤ በየቀኑ አትብሉት» ትላለች። እሷ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን እርድ ልገዛ ስገባ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ሌሎች ሁለት ልጆች ቀሚሷን ይዘው፣ ከቅልቅሉ እያስመዘነች ነበር። መናገሬ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላስቻለኝም።

«እህቴ፣ ትንሽ ጨምረሽ ከዚያኛው ብትወስጂ» አልኳት።

አላኮረፈችም። «ነግራኛለች እኮ» አለችኝ፣ ወደ ሻጯ እያየች። «አውቀዋለሁ። አንድ ሳምንት ይኼን፣ አንድ ሳምንት ምስር እያልኩ አፈራርቃለሁ። የዚህ ሳምንት ተራ የዚህ ነው።»

ከረጢቱን ቋጥራ፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ ከፍ አድርጋ ወጣች። ልጆቹ እየሮጡ ተከተሏት። ሻጯ ሚዛኑን እየጠረገች፣ «የሽምብራው ጆንያ ሳምንት ሙሉ ሳይሸጥ ይቆምብኛል፣ ቲቸር» አለችኝ። «ቅልቅሉ እኮ በገበያ ቀን ቀትር ሳይደርስ ያልቃል።»